ካሜራ ስለ መምረጥ
(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ስለ ትምህርት ቢሆንም ዕቃ ሊገዛ ለተነሣ ሰው ደግሞ እጅግ የሚስማማ ነው። የበጀት ዓመት ሊዘጋ የሰኔ ወር ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየውን ጥድፊያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል በችኰላ ከሚገዙት ዕቃዎች አንዱ ካሜራ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴው ይቀመጣል፤ በወረቀቱ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበት ካሜራ ይመረጣል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ወይ በቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል፤ ወይም በሥራ ላይ ውሎ የታሰበውን ሳይሰጥ ይቀራል።

ስለዚህ የዛሬው ነገራችን በተለምዶ ዲኤስኤልአር ስለሚባለው ባለ መስተዋት ዲጂታል ካሜራ አመራረጥ ይሆናል። ለምሳሌ የማቀርበውም ጂንካንና ደቡብ ኦሞን ነው። ይህንንም ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። የቀኑ ብርሃን እጅግ የሚበረታበት፣ አቧራው ከዕቃ ሁሉ ውስጥ የሚገባበት፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ ባትሪ የሚሞሉበት መብራት በቀላሉ የማይገኝበት፣ ሰውም ካሜራ ሲደገንበት ብዙ ዘመን ያሳለፈበት አገር ነውና፣ እዚያ የሚያገለግል ካሜራ የትም ቢሄዱ ያገለግላል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ጂንካ ስወርድ ከአዲስ አበባ የገዛሁትን አዲስ ካሜራ ይዤ ነበር። ሻጩ የሜጋፒክስሉን ብዛትና የሌንሱን ርዝመት እያነሣ ሲያመሰግንልኝ እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ከፍዬ ወጣሁ። በመንገዴ ላይ ቀይ አፈር ሐሙስ ቀን ደረስሁ። የሐሙስ ገበያ እንደ ሆነ በናውም፣ ፀማዩም፣ ሐመሩም፣ አሪውም ይገናኝበታል። እኔም ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሜ፣ ቅል ተሸክመው በገበያው ዳር የቆሙ አንዲት አሮጊት ከሩቅ አነሣሁ። ወዲያው አማርኛ የሚያውቅ አንድ ጐረምሳ ወደ እኔ መጣና፦

«ጋሼ፣ አያቴ ናት ያነሷት። ‹ያ ሰውዬ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ምኔን እየወሰደ ነው?› ትላለች» አለኝ።

አፈርሁ። ሄጄ እጅ ነሣሁ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። አሮጊቲቱም ሳቁና በፈቃዳቸው ሊነሡልኝ ቆሙ። ነገር ግን ያ ረጅም ሌንስ ቀረብ ስል አልይዝ አለኝ፤ ወደ ኋላ ስሸሽ ደግሞ ገበያተኛው በመካከላችን ያልፋል። ስፍጨረጨር ባትሪው አለቀ፤ ትርፍ ባትሪም አልያዝሁም። «በሌላ ጊዜ መጥቼ አንሥቼ፣ አሳትሜም አመጣልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ሄድሁ። የዚህን ነገር ፍጻሜ በመጨረሻ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው እንመለስ። ፎቶግራፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሥራ ቀጥለዋል። አዲሱ ነገር ፊልም ቀርቶ በምትኩ ኤሌክትሪክ መግባቱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ያ ካሜራ አንዱን ሥዕል በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ኮዳክ ባለ 1.3 ሜጋፒክስል ካሜራ በኒኮን ካሜራ አካል ላይ ሠርቶ ለጋዜጠኞች አቀረበ። በ1999 የኒኮን ዲ1፣ በ2003 ደግሞ ዋጋው ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች የሆነው የካኖን 300ዲ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ዕቃ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ባለ መስተዋት የተባለበት ምክንያት ቀላል ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በውስጥ ባለ አንድ ትንሽ መስተዋት ላይ አርፎ ወደ መመልከቻው ቀዳዳ ይወጣል፤ ስለዚህ ዐይናችን የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ብርሃኑም ሴንሰር በሚባለው ተቀባይ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። በአሁኑ ጊዜ ግን መስተዋቱ የሌለባቸው፣ ሥዕሉን በትንሽ የኤሌክትሪክ መስኮት የሚያሳዩ ካሜራዎች ገበያውን ይዘዋል። ካኖንና ኒኮን ከ2018 ወዲህ ኃይላቸውን ወደ እነዚህ አዙረዋል፤ የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ባለ መስተዋት ካሜራዎቻቸውንም በ2020 አውጥተዋል። እንግዲያስ ባለ መስተዋቱ ተጣለ ማለት ነውን? አይደለም። ጥቅሙን ከጥቂት በኋላ እናየዋለን።

የመጀመሪያው ስሕተት ሜጋፒክስል ማምለክ ነው። ሜጋፒክስል ማለት ሥዕሉ የተሠራባቸው ነጥቦች በሚሊዮን ሲቆጠሩ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 6,000፣ በቁመት 4,000 ነጥብ ያለው ሥዕል ይሰጣል። አሁን ከሥራችን ጋር እናመዛዝነው። አንድ ሙሉ የኤ4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም የሚያስፈልገው 9 ሜጋፒክስል ያህል ነው። በቴሌቪዥን ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ሥዕል 2 ሜጋፒክስል ብቻ፣ 4ኬ የሚባለውም ከ8 ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ለመጽሔት፣ ለዓመታዊ ሪፖርት፣ ለቢሮ ግድግዳ 24 በቂ ከመሆኑም በላይ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ሜሞሪ ካርዱንና ኮምፒዩተሩን ከመሙላት በቀር ለብዙው መሥሪያ ቤት የሚያመጣው ትርፍ ጥቂት ነው።

ከነጥቡ ብዛት ይልቅ የሴንሰሩ ስፋት ይበልጣል። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር እንደ ጥንቱ ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤፒኤስሲ የሚባለው ደግሞ ወደ 24 በ16 ይጠጋል። ሰፊው ከጠባቡ ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት ስላለው ዝናም ሲዘንብ በሰፊ ጣሳ ውኃ እንደ መቀበል ብዙ ብርሃን ይቀበላል፤ በደካማ ብርሃንም የተሻለ ሥዕል ይሰጣል። ነገር ግን ካሜራውም ሌንሶቹም ይከብዳሉ፤ ዋጋቸውም ይንራል። እኔ አንድ የወረዳ ወይም የዞን መሥሪያ ቤት ቢያማክረኝ ባለ ኤፒኤስሲውን ግዙና የተረፈውን ገንዘብ በሌንስ ላይ አውሉት እላለሁ። ምክንያቱን ልግለጽ።

በሐመር ዘንድ ኡኩሊ ቡላ የሚባለው ሥርዓት አለ። ለአካለ መጠን የሚደርሰው ወጣት በተርታ በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ እየዘለለ የሚሮጥበት ነው። እንግዳው ከቀትር ጀምሮ ሲጠብቅ ይውልና ዝላዩ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በዚያች ሰዓት ብርሃን ያንሳል፤ ወጣቱ ግን ይሮጣል። የሚሮጠውን ሰው ሳይደበዝዝ ለመያዝ መዝጊያው በሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ያህል ብቻ መከፈት ይኖርበታል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ተራ ሌንስ ሲረዝም የቀዳዳው መጠን ኤፍ 5.6 ነው፤ ኤፍ 1.8 የተጻፈበት ሌንስ ግን ከዚህ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑን ልብ በሉ። በተራው ሌንስ አይኤስኦ የሚባለውን የብርሃን ስሜት ወደ 12,800 ከፍ አድርጋችሁ ሥዕሉ እንደ አሸዋ በሚፈረፍርበት ጊዜ፣ በኤፍ 1.8 ሌንስ 1,300 ገደማ ይበቃችኋል። ውድ ካሜራ በጠባብ ሌንስ ከመያዝ ይልቅ መካከለኛ ካሜራ በሰፊ ሌንስ መያዝ ይሻላል ያልሁት ስለዚህ ነው።

ለኤፒኤስሲ ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ትንሽ፣ ቀላል፣ ዋጋውም ከሌሎች ሲነጻጸር መጠነኛ የሆነ ነው። የሚያሳየውም ከሰው ዐይን አመለካከት ብዙ ያልራቀ ነው። ለስብሰባና ለሰፊ ቦታ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ተራ ሌንስ ይበቃል። ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን ረጅም ሌንስ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ጎሽና ወፍ ለሚያነሣ ሰው ተዉለት። ጎሽን ቀርበው ሰላም አይሉትም፤ ሰውን ግን ይሉታል።

ሁለተኛው ስሕተት ካሜራው ሁሉን በራሱ ያውቃል ብሎ ማመን ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲገምት ነው። ከኋላው ብሩህ ሰማይ ያለበትን ጥቁር ሰው በምታነሡበት ጊዜ መለኪያው ሰማዩን አይቶ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ሰማዩ ያምርና ፊቱ ከል ሆኖ ይቀራል። በፊልም ዘመን ነገሩ ከዚህ የባሰ ነበር። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ በላዩም ያለችው ሴት ነጭ ነበረች። የጥቁር ሰው ፊት በቅጡ ይታይ አይታይ ብዙ ዘመን የጠየቀ አልነበረም። የዛሬው ሴንሰር ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም አንሺው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የብርሃን ማስተካከያ ቁልፍ ይገኛል። ብሩህ ሰማይ ከኋላ ሲኖር በዚህ ቁልፍ አንድ ደረጃ ጨምሩ፤ ወይም መለኪያው ፊቱን ብቻ እንዲያይ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሰውየውን በትሕትና ጠይቆ ከዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ነው። ስለዚህ ካሜራ ስትመርጡ ይህ ቁልፍ በጣት በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን በሱቁ ውስጥ ሞክራችሁ እዩ።

ሦስተኛው ጉዳይ ባትሪ ነው። የባለ መስተዋቱ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመመልከቻው ቀዳዳ ማየት ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማይፈጅ አንድ ባትሪ ብዙ ይቆያል። በፋብሪካዎቹ መለኪያ በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 በአንድ ባትሪ 1,550፣ በ2019 የወጣው ካኖን 250ዲ 1,070፣ በዚያው ዓመት የወጣው ካኖን 90ዲ 1,300 ፎቶግራፍ ያነሣሉ። በተመሳሳይ ደረጃ ያሉት ብዙዎቹ መስተዋት አልባ ካሜራዎች ከ300 እስከ 600 አካባቢ ነው የሚያነሡት። ጂንካ ላይ ያደረ ሰው ማታ ባትሪውን ይሞላ ይሆናል፤ ወደ ሙርሲ መንደር ወይም ወደ ኦሞ ዳር ወርዶ ሁለት ሦስት ቀን የሚሰነብት ሰው ግን ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። ምንም ዓይነት ካሜራ ብትገዙ ሁለት ትርፍ ባትሪና በመኪና ውስጥ የሚሞላ ቻርጀር በግዥው ዝርዝር ላይ አብሮ ይጻፍ።

ስለ አቧራና ስለ ሙቀትም ጥቂት ልበል። ፋብሪካዎች ለአብዛኛው ካሜራ የሚሰጡት የሙቀት ወሰን እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ካሜራውን በመኪናው ፊት ለፊት በመስተዋቱ ሥር አትተዉት። በገበያ መካከል ሌንስ አትቀይሩ፤ መቀየር ግድ ከሆነ ወደ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ገብታችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ደፍታችሁ ቀይሩ። ሰሌዳው ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈች ከዚያ በኋላ በሚነሣው ሰማይ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። ሰሌዳውን በትንፋሽ እፍ ማለት ወይም በነጠላ ጫፍ መጥረግ ፈጽሞ አይገባም፤ የጐማ ማራገቢያ ዋጋው ጥቂት ነውና አብራችሁ ግዙ።

ካሜራው ለፊልምም የሚያገለግል ከሆነ፣ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ብዙ ጊዜ ያገለግላልና፣ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳ መኖሩን መርምሩ። ከላይ ያነሣሁት ዲ3500 በባትሪው እጅግ የሚመሰገን ሲሆን ይህ ቀዳዳ የለውም፤ 250ዲ ግን አለው። 90ዲ ከዚህም በላይ ድምፁን እየሰሙ የሚቀዱበት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። የአንድን ሽማግሌ ቃል ለመቅዳት ሄዶ የነፋስ ጩኸት ይዞ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እኔ የራዲዮ ሠራተኛው እመሰክራለሁ።

አዲስ ለመግዛት አቅም ያልበቃው ሰው ያገለገለ ቢገዛ ነውር አይደለም፤ ባለ መስተዋት ካሜራ በያገለገለ ገበያ በብዛት የሚገኝበት ዘመን ነውና። ነገር ግን መኪና የሚገዛ ሰው የሄደበትን ኪሎ ሜትር እንደሚጠይቅ ሁሉ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ይጠይቅ። ለምሳሌ የ90ዲ መዝጊያ 120,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግል የተገመተ ነው። 110,000 ጊዜ የተከፈተውን በአዲስ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም። ሌንሱንም ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ሻጋታ እንዳይኖርበት ተመልከቱ።

አሁን በፕሮፎርማ ላይ ወደማይጻፈው ነገር ልምጣ። ደቡብ ኦሞ በዓለም ላይ ብዙ ፎቶግራፍ ከተነሣባቸው አገሮች አንዱ ነው። ሙርሲዎች የከንፈር ገል ያደረጉ ሴቶቻቸውን ሊያነሣ የሚመጣውን ጐብኚ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ያስከፍሉታል፤ ጐብኚውም ስለ ክፍያው ያጕረመርማል። ከእነርሱ ጋር ብዙ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን በ2004 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ ግንኙነቱ ለሁለቱም ወገን ደስታ የማይሰጥ መሆኑን ገልጧል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችስ ምን እናደርጋለን? ብዙ ጊዜ እንደ ጐብኚው ከመኪና ሳንወርድ እናነሣለን፤ ከጐብኚው የምንለየው ባለ መክፈላችን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የሙርሲ ተወላጅ የሆነው ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ካሜራ ይዞ ከቤን ያንግ ጋር ስለ ገዛ ወገኖቹ ፊልም ሠርቶ በ2009 ለዓለም አሳይቷል። በካሜራው ኋላ የቆመው የአገሩ ልጅ ሲሆን የሚታየው ነገር ይለወጣል። እንግዲያውስ መሥሪያ ቤታችሁ ካሜራ ሲገዛ ቋንቋውን የሚያውቅ የአካባቢው ወጣት እንዲሠለጥንበት ማድረግ ከማንኛውም ሌንስ የበለጠ ዋጋ ያለው ግዥ ነው።

ከማንሣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፤ ፈቃድ ጠይቁ። እንቢ ቢሏችሁ ካሜራችሁን ዝቅ አድርጉ። ካነሣችሁም በኋላ የሰውየውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን በማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ስሙ ያልተጻፈለት ፎቶግራፍ ከ20 ዓመት በኋላ ማን መሆኑ አይታወቅምና። ሥዕሉን በሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎች አስቀምጡ። ቃል ከገባችሁም አሳትማችሁ መልሳችሁ አድርሱ።

ስለ ቃል ካነሣሁ ያቆየሁትን ልጨርስ። በዓመቱ ትንሹን ካሜራ፣ ባለ 35 ሚሊ ሜትሩን ሌንስና ሦስት ባትሪ ይዤ ቀይ አፈር ተመለስሁ። ሐሙስ ነበር። ጐረምሳው ከሩቅ አወቀኝና መጣ። አያቱን ስጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ አያቴ ዐርፋለች። ያን ጊዜ ያነሷት ፎቶ ግን ይኖራል? እኛ ቤት አንድም የላትም» አለኝ።

የነበረኝ ያ ከመኪናው ኋላ ሆኜ ፀሐይ ፊት ለፊቴ ሳለች ያነሣሁት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ የተቻለኝን ያህል አብርቼ፣ አሳትሜ፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ ወሰድሁለት። ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተውና፦

«አቋቋሟ የሷ ነው፤ ቅሉም የሷ ነው። ፊቷ ግን የለም» አለኝ። ደግሞም አመስግኖኝ በጥንቃቄ አጥፎ በኪሱ ከተተው።

ያ ሥዕል ብዙ ሜጋፒክስል ነበረው። የጎደለው ዐሥር እርምጃ ቀርቦ ሰላም የሚል ሰውና ለዚያ ቅርበት የሚሆን ሌንስ ነበር። እንግዲህ ካሜራ ልትገዙ በምትሄዱበት ጊዜ ሻጩ ስለ ቁጥር ሲነግራችሁ እናንተ በልባችሁ «በዚህ ዕቃ ከሰው ፊት ለፊት ቆሜ፣ ፊቱን አብርቼ፣ ሥዕሉን ለቤተ ሰቡ ላደርስ እችላለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎን ከሆነ ግዙት፤ ገንዘባችሁም፣ የመንግሥትም ገንዘብ ቢሆን፣ በከንቱ አልጠፋም።